ምናባዊ የሶሻሊስት አገር እንዴት ይቀረጻል? ከአንድ ጎተራ ተነሥቶ መንግሥትን፣ ኢኮኖሚንና ማኅበረሰብን የመገንባት መመሪያ

በጎንደር ልብ ወለድ የሚጽፉ ወጣቶች ምናባዊ የሶሻሊስት አገር ለመፍጠር ሲነሡ አብዛኛውን ጊዜ በሰንደቅ ዓላማው፣ በመዝሙሩና በሊቀመንበሩ ምስል ይጀምራሉ። እነዚህ በቀላሉ የሚመጡ ስለሆኑ ገጹ ቶሎ ይሞላል፤ ጥቂት ምዕራፎች ካለፉ በኋላ ግን ገጸ ባሕርያቱ የሚሠሩት ነገር ያጣሉ፤ ምክንያቱም በዚያች አገር ማን ምን እንደሚበላ፣ ማን ምን እንደሚወስንና ውሳኔው የጎዳው ሰው ወዴት እንደሚሄድ ደራሲው ራሱ አልወሰነም። ይህ መመሪያ የሚያቀርበው መንገድ ከታች የሚነሣ ነው። ከአንድ ቤተሰብ ጎተራ ይጀምርና እህሉን ተከትሎ ወደ ማኅበሩ፣ ወደ አውራጃው፣ ወደ ዕቅድ መሥሪያ ቤቱና ወደ ፓርቲው ይወጣል፤ መልሶም ወደ ቤቱ ይወርዳል። የሶሻሊስት አገር ማለት ከሁሉ በፊት «ትርፉ የማን ነው? በትርፉስ ላይ የሚወስነው ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነውና፣ መልሱ እውነት መሆኑ የሚታወቀው መሶቡ አጠገብ ሲደርስ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ ሥራ ጎንደር የታደለች ከተማ ናት። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ የተወረሱ ቤቶች «የቀበሌ ቤት» እየተባሉ ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ወደ መተማ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ በአዘዞ በኩል ያልፋል። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ደግሞ በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ የተመሠረተችው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ትገኛለች፤ በዚያ ሴትና ወንድ ሥራን ሳይለያዩ ይሠራሉ፣ ገቢን በጋራ ይካፈላሉ፣ ለአቅመ ደካሞችም በጋራ ያስባሉ። ይህች በኅብረት የምትኖር መንደር በደርግ ዘመን ማብቂያ አካባቢዋን ለቅቃ ለመሰደድ መገደዷን፣ የተመለሰችውም መንግሥቱ ከተለወጠ በኋላ መሆኑን ማወቅ ለጸሐፊ ትልቅ ትምህርት ነው። በኅብረት መኖርና በኅብረተሰባዊነት ስም መግዛት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ በአቅራቢያችን የለም።

ከአብዮቱ በፊት የነበረውን መወሰን

አብዮት ባዶ መሬት ላይ አይወርድም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ከአብዮቱ በፊት መሬቱ በማን እጅና በምን ሥርዓት እንደነበረ መጻፍ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በአገሪቱ ሁሉ አንድ ነበር፤ መሬት የሕዝብ ሆነ፣ መሸጥና ማከራየት ተከለከለ፣ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተደነገገ፣ ሰው ቀጥሮ ማሳረስም አቅም ለሌላቸው እንደ መበለቶችና በሽተኞች ላሉት ካልሆነ በቀር ተከለከለ። ይሁን እንጂ አዋጁ የደረሰበት ኑሮ አንድ አልነበረም። በደቡብ የአገሪቱ ክፍል እጅግ ብዙው ገበሬ ጭሰኛ ስለነበረ፣ ምርቱን ለባለመሬት ከማካፈል በአንድ ቀን ነፃ ወጣ። በበጌምድርና ስሜን ግን አብዛኛው ገበሬ በአባቱም በእናቱም በኩል ከአቅኚ አባት ተወላጅነቱን ቆጥሮ ድርሻውን የሚጠይቅ ባለርስት ነበርና፣ «መሬት ለአራሹ» የሚለው መፈክር ለእርሱ የሌለውን ከመስጠት ይልቅ የልጅ ልጆቹን መብት የሚቆርጥ መስሎ ታየው። አዋጁ ራሱ ይህንን ልዩነት አውቆ ለእነዚህ አካባቢዎች የተለየ ክፍል ነበረው።

በዚሁ በበጌምድር ውስጥ ደግሞ ርስት የማይደርሳቸው ሰዎች ነበሩ፤ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያን፣ በሽመናና በንግድ የሚኖሩ ሙስሊሞችም ከእነዚህ ይገኙባቸዋል። ለእነርሱ ያው አዋጅ በሕግ መሬት የመያዝን መብት ያመጣ የመጀመሪያው ሰነድ ነበር። እንግዲህ በአንድ ገበያ የሚገናኙ ሁለት ሰዎች አንዱን ወረቀት እያነበቡ አንዱ ሲያዝን ሌላው እልል ሊል ይችል ነበር ማለት ነው። በ1969 ዓ.ም. ደርግን በጦር የተቃወመው ኢዲዩ (የኢትዮጵያ ዲሞክራሲያዊ ኅብረት) መተማንና ሑመራን እስከመያዝ ሲደርስ ከበጌምድር ገበሬ ደጋፊ ማግኘቱም ያለዚህ ታሪክ አይገባም።

በዚህ መመሪያ ለምሳሌነት የምንጠቀምባትን ምናባዊ አገር አድማሳ ብለን እንጥራት። ደጋዋ ጤፍና ገብስ፣ በድንበር በኩል ያለው ቆላዋ ሰሊጥና ጥጥ ያበቅላል፤ መካከሏ ላይ ሐይቅ አለ። አብዮቱ ከተካሄደ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ደጋው ቀድሞ የዘር ሐረግ እየተቆጠረ የሚካፈሉት መሬት ነበር፤ ቆላው የጥቂት ባለሀብቶች ሰፋፊ እርሻ ነበር፤ በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ዓሣ አስጋሪዎች ከማንም ጋር የማይጋቡ፣ መሬትም የሌላቸው ነበሩ። ሌላ ነገር ከመጻፍዎ በፊት ከእነዚህ ከሦስቱ ቦታዎች አንድ አንድ ቤተሰብ ይምረጡና አዋጁ በታወጀ ማግስት በየቤቱ የተነጋገሩትን ይጻፉ። ሦስቱም ቤተሰቦች አንድ ዓይነት ነገር ከተናገሩ አገሪቱ ገና አልተፈጠረችም።

የማን እንደሆነ መወሰን

«ሁሉም ነገር የመንግሥት ነው» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ እንዲህ ያለ አገርም ኖሮ አያውቅም። በኢትዮጵያ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ባንኮችና የኢንሹራንስ ድርጅቶች፣ በጥር ደግሞ 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶች ተወረሱ፤ ነገር ግን የገበሬው በሬ፣ የሸማኔው መወርወሪያና የጠላ ሻጯ ጋን በእጃቸው ቀረ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ፈቅዶ፣ ለመኖሪያ የሚሰጠውን ቦታ በ500 ካሬ ሜትር ወሰነ፤ ከተወረሱት ቤቶች ውስጥ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑትን የሚያስተዳድረው ቀበሌው ሆነ። ድሃ ተከራይ የኪራይ ቅናሽ አገኘ፤ ይህ እውነተኛ እፎይታ ነበርና በጽሑፍ ሊካድ አይገባም። ከዚያ በኋላ ግን ጥያቄው «ጣሪያው ሲያፈስ ማን ይጠግናል?» የሚል ሆነ። ኪራዩ ትንሽ ስለሆነ ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ የለም፤ ተከራዩ ቤቱ የእርሱ ስላልሆነ በራሱ ገንዘብ አያድስም፤ ቀበሌው ደግሞ ቆርቆሮ የሚያገኘው ከሌላ መሥሪያ ቤት ደጅ ጠንቶ ነው። የአንድን ቤት ጣሪያ ለሃያ ዓመት ብትከተሉ ብቻ አንድ ሙሉ ልብ ወለድ የሚወጣው ይመስለኛል።

ለፋብሪካዎች ደግሞ ከአንድ በላይ መንገድ መኖሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ዩጎዝላቪያ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ከተጣላች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጣችው ሕግ ፋብሪካዎችን በሠራተኞች ምክር ቤት እንዲተዳደሩ አደረገች፤ ድርጅቶቹም እርስ በርሳቸው በገበያ ይወዳደሩ ነበር። በሌላው ወገን የሃንጋሪው የኢኮኖሚ ሊቅ ያኖሽ ኮርናይ እንዳስረዳው፣ ኪሳራውን ሁልጊዜ መንግሥት የሚሸፍንለት ድርጅት ብረቱንም ሲሚንቶውንም ሠራተኛውንም ከሚያስፈልገው በላይ ይጠይቃል፤ ሁሉም እንዲህ ስለሚጠይቁ እጥረት የዘወትር ኑሮ ይሆናል። በአድማሳ የጥጥ መዳመጫው የመንግሥት፣ የዓሣ ማስገሪያው የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ልብስ ስፌቱ የግል ይሁን እንበል። ልብስ ሰፊው ክር የሚያገኘው ከመንግሥት መጋዘን ከሆነ «የግል» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚያራምደው በራሱ ታሪክ ይሆናል።

የእህሉን መንገድ መከተል

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በአድማሳ ደጋ ባሏ የሞተባት፣ ከአምስት ልጆቿ ጋር አንድ ሄክታር ተኩል የምታርስ ሴት አለች እንበል። ዘንድሮ 15 ኩንታል እህል አግኝታለች። ለዘር 1 ኩንታል ታስቀምጣለች፤ ለስድስት ሰው የዓመት ቀለብ በነፍስ ወከፍ 2 ኩንታል ብናስብ 12 ይሆናል፤ የሚተርፋት 2 ኩንታል ነው። የገበሬ ማኅበሩ የመደበባት ኮታ፣ ማለትም ለመንግሥት የግድ የምትሸጠው እህል፣ ግን 3 ኩንታል ነው። መንግሥት ለኮታው የሚከፍለው በኩንታል 40 አላድ ሲሆን (የአድማሳን ገንዘብ አላድ እንበለው) በቅዳሜው ገበያ ያው ኩንታል 90 አላድ ያወጣል። ሴትዮዋ ኮታዋን ለመሙላት ከቀለቧ አንድ ኩንታል ታነሣለች፤ ያንን ለመተካት በ90 አላድ ከገበያ ትገዛለች፤ ከመንግሥት ከተቀበለችው 120 አላድ በእጇ የሚቀራት 30 ብቻ ነው። ለጨው፣ ለሳሙና፣ ለልጆቿ ደብተርና ለበዓል የሚበቃት ይኸው ነው።

ይህ ስሌት ከመሬት የተነሣ ፈጠራ አይደለም፤ በደርግ ዘመን እህል እየገዛ ለከተማና ለሠራዊት የሚያከፋፍለው የመንግሥት ድርጅት ለገበሬ ማኅበራት ኮታ ይመድብ ስለነበር፣ ኮታቸውን ለመሙላት ከገበያ እህል የገዙ ገበሬዎች በርካታ ነበሩ። ጸሐፊው ስሌቱን በወረቀት ላይ ማስቀመጥ ያለበት የአገሪቱ ባሕርይ ከዚህ ስለሚመነጭ ነው። ሴትዮዋ በሚቀጥለው ዓመት ምን ታደርጋለች? ከኮታው ውጭ የሆነ ነገር፣ ለምሳሌ ጌሾ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም በርበሬ በጓሮዋ ታበዛለች፤ ትልቁን ልጇን ወደ ቆላ ለሰሊጥ አጨዳ ትልካለች፤ ምርቷን ለቆጣሪው አሳንሳ ትናገራለች፤ ወይም ሁለት ኩንታል በሌሊት በአህያ አስጭና በኬላ ዙሪያ ታሳልፋለች። እያንዳንዱ ምርጫ የየራሱን ሰው ወደ ታሪኩ ያስገባል፤ ኬላ ጠባቂውን፣ የበረሃ ደላላውን፣ ቆጣሪ ሆኖ የተመደበውን የእኅቷን ልጅ።

ከዚያ የግድ ወደ ሌላኛው ወገን መሻገር አለብዎት፤ ኮታ የመደበው ሰው ክፉ ስለሆነ ነው ብሎ የሚያልፍ ጽሑፍ ልጆችን ብቻ ያሳምናል። የአድማሳን የዕቅድ መሥሪያ ቤት ሚዛን ቤት እንበለው። የሶቪየት ኅብረቱ የዕቅድ መሥሪያ ቤት ጎስፕላን እ.ኤ.አ. በ1921 ተቋቁሞ፣ ከ1928 ጀምሮ የአምስት ዓመት ዕቅዶች ሲነደፉ ዋና መሣሪያው የቁሳቁስ ሚዛን ነበር፤ በአንድ ወገን የሚመረተው፣ በመጋዘን ያለውና ከውጭ የሚገባው፣ በሌላው ወገን የሚፈለገው ተጽፎ ሁለቱ እንዲተካከሉ ይደረጋል። ለአድማሳ አራት ሚዛን ብቻ መሥራት ይበቃል፤ የእህል፣ የሰሊጥ፣ የነዳጅና የጨርቅ። ሰሊጡ ለውጭ ገበያ ተሸጦ ነዳጅ ይገዛል፤ ነዳጁ የኮታውን እህል የሚያመላልሱትን መኪኖች ያንቀሳቅሳል፤ እህሉ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛውን ይቀልባል፤ ጨርቁ ደግሞ ገበሬው እህሉን የሚሸጥበት ምክንያት ነው። በቆላ ዝናብ ቀረ እንበል፤ ሰሊጡ ሲያንስ ነዳጅ ያንሳል፤ ነዳጅ ሲያንስ መኪና ይቆማል፤ የሴትዮዋ ሦስት ኩንታልም በወረዳው መጋዘን ነቀዝ ይበላዋል፤ በከተማ ያለች ነርስ ደግሞ በዚያው ሳምንት የዳቦ ሰልፍ ላይ ትቆማለች። የኮታው ዋጋ 40 አላድ የሆነውም በዚህች ነርስ ምክንያት ነው፤ ደመወዟ አነስተኛ ስለሆነ እህል በ90 አላድ ከተሸጠ ልጆቿን መቀለብ አትችልም። ሚዛን ቤት ውስጥ የተቀመጠው ባለሙያ ሁለት እናቶችን በአንድ ገጽ ላይ እያየ ነው የሚወስነው። ይህንን ሰው ሕሊና ያለው ሰው አድርገው ይጻፉት።

መረጃ በምን ዓይነት መንገድ እንደሚጓዝም መወሰን ያስፈልጋል። የቺሌ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1972 የጭነት መኪና ባለቤቶች አድማ ሲያደርጉ፣ ፋብሪካዎችን ባያያዘበት የቴሌክስ መስመር የቀሩትን መኪኖች ወደሚፈለጉበት ቦታ ይልክ ነበር። በአድማሳ ግን ወሬው በሰው አፍ ነው የሚሄደው፤ የማኅበሩ ሊቀመንበር ለአውራጃው 15 ኩንታል ያለውን 16 ይለዋል፤ አውራጃው ለሚዛን ቤት 18 ብሎ ያቀርባል፤ የሚቀጥለው ዓመት ኮታም በ18 ላይ ተመሥርቶ ይወርዳል። እያንዳንዱ የጨመረው ጥቂት ነው፤ የጨመረበት ምክንያትም የሚገባ ፍርሃት ነው።

መውጫ መንገድ መኖሩንም አይርሱ። ሩስያ እ.ኤ.አ. በ1921 እህልን በግዳጅ መሰብሰቧን ትታ በዓይነት የሚከፈል ግብር ጣለች፤ ገበሬውም ግብሩን ከከፈለ በኋላ የተረፈውን በፈለገው ዋጋ እንዲሸጥ ተፈቀደለት። በአገራችንም በ1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ ኮታው ቀረ፣ የእህል ንግድ ተለቀቀ፣ አባላት ከአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት እንዲወጡ ሲፈቀድ አብዛኞቹ ማኅበራት በአጭር ጊዜ ፈረሱ። በአድማሳ እንዲህ ያለ ለውጥ ከታሪኩ በፊት ሆኗል፣ በታሪኩ መካከል ይሆናል፣ ወይስ አንድ ወገን ሐሳቡን አቅርቦ ተቀብሯል? እኔ ብሆን ሐሳቡ ቀርቦ ገና ባልተወሰነበት ዓመት ላይ ታሪኩን እጀምር ነበር።

«አይሆንም» ማለት የሚችለውን መፈለግ

የመንግሥት አወቃቀር የሚጻፈው አሁን ነው፤ ጥያቄውም «የዚህችን ሴት ኮታ ከ3 ወደ 2 ኩንታል ዝቅ ማድረግ የሚችለው ማን ነው?» የሚል ይሁን። አቤቱታዋን ይዛ ወደ ማኅበሩ ሊቀመንበር ትሂድ። እርሱ የተሰጠውን ድምር ማከፋፈል እንጂ መቀነስ አይችልም፤ ከእርሷ የቀነሰውን በጎረቤቷ ላይ መጨመር አለበት። ወደ አውራጃ ጉባኤ ትለፍ፤ እዚያ የተመረጠ ሸንጎ አለ፤ ነገር ግን ከሸንጎው ጎን የፓርቲው ጸሐፊ ተቀምጧል። ከሁለቱ ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ማን ዝም ሲል ስብሰባው እንደሚዘጋ ከወሰኑ ሕገ መንግሥቱን ሳይጽፉ ሕገ መንግሥቱን አውቀዋል ማለት ነው።

ፓርቲና መንግሥት ማን ማንን እንደወለደ መወሰን ከሚታሰበው በላይ ያስፈልጋል። በሩስያ ፓርቲው ቀድሞ ኖሮ ሥልጣን ያዘ። በኢትዮጵያ ግን ወታደሮች በ1966 ዓ.ም. ተሰባስበው መንግሥት ከያዙ በኋላ፣ ኢሠፓ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) የተመሠረተው ከአሥር ዓመት በኋላ በ1976 ዓ.ም. ማብቂያ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ለሕዝበ ውሳኔ የቀረበው በጥር 1979 ዓ.ም.፣ 835 አባላት የነበሩት ብሔራዊ ሸንጎ የተመረጠውም በዚያው ዓመት ነው። ትእዛዝ የለመደ ሠራዊት ፓርቲ ሲሆንና ክርክር የለመደ ፓርቲ መንግሥት ሲሆን የሚወጣው የስብሰባ ጠባይ አንድ አይሆንም። የአድማሳ ፓርቲ ከዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር የበቀለ ቢሆን ደግሞ ሌላ ጠባይ ይኖረዋል፤ ከደጋው ባለርስት ጋር የቆየ ቂም ይዞ ወደ ሥልጣን ይመጣል።

በምርጫ ሥልጣን የያዙ ሶሻሊስቶችም አሉ። በሕንድ ኬረላ እ.ኤ.አ. በ1957 ኮሚኒስቶች ተመርጠው የክፍለ ግዛቱን መንግሥት መሠረቱ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ማዕከላዊው መንግሥት አሰናበታቸው። በኒካራጓ በአብዮት ሥልጣን የያዙት ሳንዲኒስታዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 በምርጫ ተሸንፈው ሥልጣን አስረከቡ። አድማሳን በዚህ መንገድ ለመቅረጽ የሚፈልግ ሰው የተሸነፈው ወገን በማግስቱ የት እንደሚያድር፣ ቤቱ የመንግሥት ከሆነ ማን እንደሚያስለቅቀው ማሰብ አለበት።

በከተማ የሚጻፈውን ታሪክ ቀበሌው ይሸከመዋል። በደርግ ዘመን ቀበሌ ቤት ያከራያል፣ መታወቂያ ይሰጣል፣ በሱቁ ስኳርና ጨው ያከፋፍላል፣ በፍርድ ሸንጎው ጥቃቅን ጉዳዮችን ይዳኛል፣ በአብዮት ጥበቃው ሰው ይይዛል፣ ያስራልም። መጀመሪያ የታሰበው ድሃው ከደጃፉ ሳይርቅ ጉዳዩን እንዲፈጽም ነበር፤ ሐሳቡም መልካም ነበር። ነገር ግን ስኳር የሚያድለውና እስር ቤቱን የሚቆልፈው እጅ አንድ ሲሆን ለሰው የሚተርፈው ጥግ አይኖርም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን በጎንደር የሆነው ያለዚህ የሥልጣን ክምችት ሊሆን አይችልም ነበር። ስለዚህ ለአድማሳ ሰፈር ጉባኤ ሥልጣን ሲሰጡ እያንዳንዱን ሥልጣን ለየብቻ ይጻፉ፤ ከእያንዳንዱም አጠገብ «ይህን ያለአግባብ ቢሠራበት የተበደለው ሰው ለማን ይናገራል?» ብለው ይጠይቁ። መልስ ያልተገኘለት መሥመር የታሪኩ ጉልበት ያለበት ቦታ ነው።

ስለ ጦር ሠራዊቱና ስለ ውጭ ግንኙነቱ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ማን መሣሪያ እንደሚሸጥላትና ያም በሰሊጥ ወይስ በብድር እንደሚከፈል ማወቅ ለጅምሩ ይበቃል።

ማኅበረሰቡን መጻፍ

ሴትዮዋ ለጎደላት አንድ ኩንታል ከመንግሥት መልስ ካጣች ወደ ማን ትሄዳለች? ማኅበረሰቡ የሚጻፈው ከዚህ ነው። ወንድሟ ያበድራታል፤ የጽዋ ማኅበርተኞቿ ያዋጡላታል፤ ጎረቤት በደቦ አጭዶ ይወቃላታል፤ ባሏን የቀበረላት እድር ዛሬም ስሟን በመዝገቡ ይዟል። አዲሱ ሥርዓት እነዚህን የቆዩ ማኅበራት ምን ያደርጋቸዋል? ሊያፈርሳቸው፣ ሊመዘግባቸው፣ ወይም የራሱ ማኅበራት ክንፍ ሊያደርጋቸው ይችላል። ሊያፈርሳቸው ከወሰነ ሬሳ የሚቀብረውን መተካት አለበት፤ ይህንንም የሚያስብ ካድሬ ጥቂት ነው።

የሥራ ቀን መቁጠሪያው ሌላው የግጭት ቦታ ነው። በጎንደር ገጠር ገበሬ በ12 ለሚካኤል፣ በ21 ለማርያም፣ በ27 ለመድኃኔዓለም፣ በ29 ለበዓለ ወልድ፣ ከዚህም ሌላ በየደብሩ ታቦት ቀን በሬ አይጠምድም። የዕቅድ መሥሪያ ቤቱ የሥራ ቀናትን ሲቆጥር እነዚህን እንደ ባከነ ጊዜ ያያቸዋል። የአድማሳ ካድሬ በማርያም ቀን የእርከን ሥራ ዘመቻ ቢጠራ ማን ይወጣል? ሽማግሌው የሚቀረው ከእምነቱ የተነሣ ነው፤ ወጣቷ የምትወጣው ከልብ ስላመነችበት ሊሆን ይችላል፤ የማኅበሩ ሊቀመንበር ደግሞ ወጥቶ አካፋ ሳያነሣ ይውላል። ሊቀመንበሩ ቄሰ ገበዙን «አንተ» ይላቸው እንደሆነ ወይስ እንደ ቀድሞው «አንቱ» እያለ ጉልበታቸውን ይስም እንደሆነም አስቀድመው ይወስኑ፤ በንግግር ውስጥ ሁሉ ተመልሶ ይመጣልና።

አብዮቱ የሰጠውን መልካም ነገር በሙሉ ልብ መጻፍ ይገባል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብ ያልተፈቀደላቸው የመሰሉ እናቶችን ከጋቢያቸው ጋር በዛፍ ሥር አስቀምጦ ፊደል አስቆጥሯል፤ ትምህርቱ የሚሰጥባቸው ቋንቋዎችም እስከ 15 ደርሰዋል። የአድማሳዋ ሴት በእንዲህ ዓይነት ዘመቻ ማንበብ ተምራለች እንበል። የኮታውን ወረቀት ስትቀበል ራሷ ታነበዋለች፤ የመሬቷ ስፋት በስሕተት ሁለት ሄክታር ተኩል ተብሎ መጻፉንም ታያለች። አቤቱታ የማቅረብ አቅም የሰጣት ያው ኮታውን የጫነባት መንግሥት ነው። በእንዲህ ያለ አገር የሚኖር ሰው ውለታ የተዋለለትም የተበደለም ሆኖ ሁለቱን በአንድ ልብ ይዞ ይኖራልና፣ ይህን መያዝ የቻለ ጽሑፍ ከመፈክርም ከእርግማንም ያልፋል።

ሴቶች በሕግ እኩል ተብለው በጉባኤው ወንበር ሲሰጣቸው ወጡን ማን እንደሚሠራ፣ ልጅ ማን እንደሚይዝ አብሮ መጻፍ አለበት። አውራ አምባ ይህን ጥያቄ ከአዋጅ ሳይሆን ከምድጃ ጀምራ ስለመለሰችው፣ የሚችል ሰው ሄዶ የዕለት ሥራ እንዴት እንደሚከፋፈሉ በዓይኑ ቢያይ ብዙ ይጠቀማል።

ሰነዶቹን መሥራትና ሕያዋንን ማክበር

ታሪኩን ከመጀመርዎ በፊት ሦስት አራት የአድማሳ ሰነዶችን በእጅዎ ይጻፉ፤ የኮታ ማስታወቂያ፣ የስኳር መውሰጃ ካርድ፣ የቤት ኪራይ ደረሰኝና በተለይም የአንድ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ። ቃለ ጉባኤ ውስጥ የሚጻፈውና በስብሰባው የተባለው አይገጣጠሙም። «ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» ከሚለው ዓረፍተ ነገር በፊት አንዲት ሴት ተነሥታ ለረጅም ጊዜ ተናግራ ሊሆን ይችላል፤ ጸሐፊው ንግግሯን በአንድ መሥመር «አስተያየት ተሰጥቷል» ብሎ አሳልፎታል። ያንን ንግግር ሙሉውን ይጻፉት፤ ለልብ ወለዱም ከዚያ የተሻለ መግቢያ አይገኝም።

በጎንደር ለሚጽፍ ሰው አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። በዚህች ከተማ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ልጆቻቸውን ያጡ ቤተሰቦች አሉ፤ በየሳሎኑ የተሰቀሉት የወጣት ፎቶግራፎችም ጌጥ አይደሉም። የሰማችሁትን ታሪክ ወደ ምናባዊ አገር ማዛወራችሁ ባለቤቱን ከመጠየቅ አያድናችሁም። ስሙን፣ ሰፈሩን፣ የሞተበትን ቀንና ልዩ ምልክቱን ለውጡ፤ ከዚያም በኋላ ቤተሰቡ «አይሁን» ካለ ተዉት። በሌላው በኩል ካድሬ ወይም የቀበሌ ሊቀመንበር የነበሩ ሰዎችና ልጆቻቸውም ጎረቤቶቻችን ናቸውና፣ አንድን ሕያው ሰው ለይቶ የሚያሳይ ምልክት በክፉ ገጸ ባሕርይ ላይ መለጠፍ ድርሰት መሆኑ ቀርቶ ክስ ይሆናል።

ቃለ ጉባኤውንና የመጀመሪያውን ምዕራፍ ስትጨርሱ ያንን ዘመን በአዋቂነት ላለፉ ሁለት ሰዎች አስነብቡ፤ አንዱ ከገጠር፣ አንዱ ከከተማ ቢሆን ይመረጣል፤ ማንበብ የሚደክማቸው ከሆነ ቁጭ ብላችሁ አንብቡላቸው። «እንዲህማ አይሆንም ነበር» የሚሉበት ቦታ ላይ ቆማችሁ ለምን እንደማይሆን ጠይቁ፤ ሊቀመንበሩ ያን ጊዜ ምን ይል እንደነበር፣ ደብተሩ የት ይቀመጥ እንደነበር፣ ኮታው የሚወርደው ከአውድማ በፊት ይሁን በኋላ ንገሩን በሏቸው። መልሳቸውን በዚያው ቀን ጻፉት፤ ከዚያ የአድማሳን ሚዛን አውጥታችሁ ቁጥሮቹን እንደገና አስተካክሉ።